ዝምታ የሚቀሰቅሳት ልጅ

ወፍጮው ሲነሳ ልጅቷ ትተኛለች፤ ወፍጮው ሲቆም ትነቃለች። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች ተራ ሲጠብቁ፣ ወፍጮ ቤቱን ከመኖሪያው በሚለየው የሳንቃ ግድግዳ ላይ ጆሯቸውን ለጠፍ ያደርጉና ባለወፍጮውን «እስቲ አጥፋውና እንያት» ይሉታል። እሱም አላስችል ይለውና ያጠፋዋል። የሞተሩ ቺንጋ ይላላል፣ የላይኛው ድንጋይ እየተጎተተ ጥቂት ይዞራል፣ የመጨረሻው ዱቄት እፍ ብሎ ወደ ጆንያው ይወርዳል፤ ከዚያ ጸጥታው ይመጣል። ከግድግዳው ማዶ መጀመሪያ ትንሽ ማጉረምረም፣ ቀጥሎ የለቅሶ ጫፍ ይሰማል። ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ከውስጥ የሚስቱ ድምፅ ይከተላል።

«ነጩ፣ ልጄ መጫወቻ አይደለችም። አስነሳው።»

ሞተሩ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሳንቃው ይንቀጠቀጣል፣ ልጅቷም ትንሽ ከወጣችበት የእንቅልፍ ደጅ መልሳ ትገባለች።

ነጩ ስሙ አይደለም። ሰውዬው ጠይም ነው፤ ነጭ የሚያደርገው ሥራው ነው። ማለዳ በሩን ሲከፍት እንደማንኛውም ሰው ነው፤ ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳዎች ገብታ ብናኙ ውስጥ ቀጫጭን የብርሃን ዘንጎች ስትተክል ግን ፀጉሩም፣ ቅንድቡም፣ ሽፋሽፍቱም ከዱቄቱ ጋር አንድ ይሆናል። ሲስቅ ከፊቱ ዱቄት ይረግፋል። አመሻሽ ላይ ታጥቦ ሲወጣ ሰላም የማይሉት ጎረቤቶች አሉ፤ ንቀውት አይደለም፣ አላወቁትም።

ከጉርምስናው ጀምሮ በዚህ ድምፅ ውስጥ ኖሯል። ከድንጋዩ ሥር የሚወጣውን ዱቄት በመዳፉ ይቀበለውና ከሞቀበት ድንጋዮቹ ተጣብቀዋል ማለት ነው፣ ትንሽ ያላላቸዋል። እህሉ ሊያልቅ ሲል ድምፁ እንደሚቀጥን፣ እርጥብ እህል ሲገባ እንደሚያፍነው ያውቃል። ድንጋዩ ሲደነዝዝ የላይኛውን ገልብጦ በብረት መውቀሪያ ቀኑን ሙሉ ይወቅረዋል። ከመውቀሪያው ጫፍ የሚፈናጠሩት የብረት ፍንካቾች በእጁ ጀርባ ቆዳ ሥር ገብተው ቀርተዋል፤ ሰማያዊ ነጠብጣቦች ናቸው፣ ማታ ማታ ሚስቱ በመርፌ ልታወጣቸው ሞክራ የተወቻቸው። የሚናገረውም በጩኸት ነው። አልጋ ውስጥ ሆኖ «ብርድ ልብሱን ሳቢልኝ» ሲል ጎረቤት ይሰማል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከግድግዳው ማዶ ባለው ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። በትዳር ብዙ ዓመት ቆይተው፣ ሁለቱም የልጅን ነገር ማንሳት ካቆሙ በኋላ ልጅቷ መጣች። ሚጢ አሏት። የልጅቷን አልጋ ግድግዳው ጥግ ያደረገው ነጩ ነው። ሚስቱ ጩኸቱን ፈርታ ነበር። እሱ ግን በመጀመሪያው ቀን ሞተሩን አስነስቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ሲያያት፣ የተጨበጡት ጣቶቿ አንድ በአንድ ሲፈቱ አየ። ሳንቃው የወፍጮውን ንዝረት ለአልጋው፣ አልጋው ለእሷ ያቀብላል። እሱ እየፈጨ፣ ከዚያ ማዶ እሷ ትተኛለች። ጡት መስጠት አይችልም፤ እንቅልፍ ግን የሚሰጣት እሱ ነው። ለማንም ባይናገረውም በዓለም ላይ ያለው ትልቁ ሹመቱ ይህ ነበር።

ነገሩን መጀመሪያ ያየችው ሚስቱ ናት፤ ያየችውም በቆብ ነው። በእጇ የሰፋችላት ቆብ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እምቢ አለ። ሌላ ሰፋች፤ እሱም ጠበበ።

«ጨርቁ በውኃ ተሰብስቦ ነው» አላት።

«ስለ ጨርቅ እኔን ልታስተምረኝ ነው?»

ክትባት ሲወስዷት ነርሷ በሜትር የሚጢን ጭንቅላት ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ሦስተኛ ሲሆን የባልና የሚስት ዓይን ተገናኘ። ከዚያ ወደ ትልቁ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ አንዲት የልጆች ሐኪም ተላኩ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ሚጢን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ አየቻት፣ ጣቷን አስጨበጠቻት፣ አሳቀቻት። «ትስቃለች፣ ትከተላለች፣ እጇም ጠንካራ ነው። ይሄ ሁሉ ደስ ይላል» አለች። «ጭንቅላቷ ግን ከሚገባው ፈጥኖ እያደገ ነው። ምንም ላይሆን ይችላል። ውስጡን ሳላይ ግን ምንም አይደለም ብዬ አልሸኛችሁም። ኤምአርአይ ያስፈልጋታል።»

«ጨረር ነው?» አለ ነጩ። ሐኪሟ በጩኸቱ ደንግጣ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ይቅርታ ዶክተር፣ ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው» አለች ሚስቱ።

«ጨረር የለውም፣ አባቷ። ጨረር ያለው ሌላው ምርመራ ነው። ይሄ በማግኔት ነው የሚሠራው። ችግሩ መንቀሳቀስ ነው፤ ከተንቀሳቀሰች ምስሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ መተኛት አለባት። ወይ በራሷ፣ ወይ በማደንዘዣ።»

ማደንዘዣ የሚለው ቃል ክፍሉ መሃል ወድቆ ተቀመጠ። ሚስቱ ልጅቷን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች።

«ገና አራት ወሯ ስለሆነ መጀመሪያ ያለ መድኃኒት እንሞክራለን» አለች ሐኪሟ። «አጥብተን፣ ጠቅለል አድርገን፣ እንቅልፍ ሲወስዳት ማስገባት ነው። ብዙ ሕፃናት ላይ ይሳካል። የሚያስቸግረው ማሽኑ ይጮኻል፤ ድምፁ ሲጀምር የሚነቁብን አሉ።»

«ይጮኻል?» አለ ነጩ። ፊቱ በራ። ጉልበቱን በመዳፉ ሲመታ ከሱሪው ትንሽ ነጭ ደመና ተነሳ። «ዶክተር፣ ጭንቀትሽ እሱ ከሆነ አለቀ በይው። የእኔ ልጅ ጩኸት ነው እሹሩሩዋ። በጩኸት ተወልዳ በጩኸት ያደገች ናት።»

ሐኪሟ ሳቀች። «እንሞክራለን። ካልሆነ ግን…»

ካልሆነ ግን የሚለውን ሚስቱ ሰማችው። እሱ ተነስቶ ልጅቷን ታቅፏት ነበር።

ቅዳሜ የሚስቱ ታላቅ እህት መጣች። እትዬ ይሏታል ሁለቱም። እትዬ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሰው ሲጨነቅ ዝም ማለት ብቻ አይሆንላትም። «ማደንዘዣ እንዳታስነኳት» አለች ገና ሳትቀመጥ። «የሥራ ጓደኛዬ አጎት ጥርስ ሊነቀል ተኝቶ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው አላወቀም።»

«ባለፈው ስትነግሪኝ አንድ ቀን ነበር» አለች እህቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

«አንድ ቀንስ ቢሆን? ትንሽ ነው?»

«እኛ ማደንዘዣ አያስፈልገንም፣ እትዬ» አለ ነጩ ከበሩ ሆኖ። «ሚጢ በራሷ ነው የምትተኛው። ከፈለግሽ አጥፍቼ ላሳይሽ።»

«አንተ ደግሞ ይሄን ወፍጮህን እንደ ተአምር ነው የምታየው» አለች እትዬ። እሱ አልተቀየማትም። ሳቀና ወደ ሥራው ተመለሰ፤ የአጎትዬው ሦስት ቀን ግን ተከትሎት ገባና ጆንያዎቹ መሃል ቆመ። ድንጋዩ እየዞረ፣ ነጩ ያንን የሦስት ቀን እንቅልፍ ሲያስበው ዋለ። በእሱ ሐሳብ እንቅልፍ ሁሉ ነጭ ቦታ ነው፤ ሰው ገብቶ በገባበት ይወጣል። የእሱ ልጅ የምትገባበትን ያውቀዋል፤ ደጁ ላይ የቆመው እሱ ነው። ባዕድ ሰው በመድኃኒት የሚከፍተው ደጅ ግን በየት በኩል ይሆን የሚያስወጣው? ሐሳብ ይዞት ሄዶ እህሉ ማለቁን ሳያይ ቀረ፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋተግ የተነሳው የተቃጠለ ሽታ ነው የመለሰው። «ነጩ፣ ዛሬ ድንጋዩን ነው እንዴ የምትፈጭልን?» አሉት ሴቶቹ። እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርቶ አያውቅም ነበር።

የቀጠሮው ቀን ሆስፒታሉ ውስጥ ወደ ታችኛው ፎቅ ወረዱ። ኮሪደሩ ረጅም ነው፣ መስኮት የለውም፣ ወለሉ የውኃ ያህል ያበራል። ነጩ ሲራመድ ጥላው ከእግሩ ሥር እንደሚዋኝ ተሰማው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ቀጭን፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ቁልፍ፣ ሰዓት፣ ሳንቲም ሁሉ በር ላይ አስቀረባቸው። ከሚስቱ የቀሚስ ኮሌታ ራሷም የረሳቻቸው ሁለት የስፌት እስፒሎች ወጡ።

«ከእናትና ከአባት አንዳችሁ አብራችኋት መግባት ትችላላችሁ» አለ።

«እኔ እገባለሁ» አለ ነጩ።

«ብረት ሠርተህ ታውቃለህ?»

«ብረት አልሠራም። የወፍጮ ድንጋይ ነው የምወቅረው።» እጁን ዘረጋለት። ባለሙያው የእጁን ጀርባ ወደ መብራቱ አዘንብሎ ነጠብጣቦቹን ሲያይ ቆየ።

«ዓይንህ ውስጥስ ገብቶ ያውቃል?»

«አንዴ ክሊኒክ አውጥተውልኛል። አንዴ ደግሞ በራሱ ወጣ መሰለኝ።»

«መሰለኝ ከሆነ አትገባም፣ ወንድሜ። ማግኔቱ መሰለኝ የሚባል ነገር አያውቅም። የቀረ ፍንካች ካለ ዓይንህ ውስጥ ይንቀሳቀሳል።»

ስለዚህ ሚስቱ ገባች፣ እሱ ከመስታወቱ ወዲህ ቀረ። ሚጢ ጠግባ የወተት ጠብታ ከከንፈሯ ጫፍ ይንጠባጠባል፤ ዓይኖቿ ተከድነዋል። በነጭ ጨርቅ ጠቀለሏት፤ ባለሙያው ጆሮዎቿን በለስላሳ ነገር ደፍኖ ከላዩ ሌላ መሸፈኛ ሊያደርግላት ሲል ነጩ መስታወቱን አንኳኳ።

«ጆሮዋን አትድፈንባት። ምኑን ሰምታ ትተኛለች?»

ባለሙያው በሩን ገርበብ አደረገ። «አባቷ፣ ይሄ የእኔ ወፍጮ ያንተን ያስንቃል። ሳልሸፍናት አላስገባትም። ደግሞ አትጩህ፣ ልታነቃት ነው።»

«በጩኸት አትነቃም አልኩህ እኮ» አለ ነጩ፤ ድምፁን ግን ዝቅ አደረገ።

ከዚያ ማሽኑ ጀመረ። ነጩ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። መጀመሪያ መዶሻ የሚመስል ምት፣ ቀጥሎ ሸካራ መንዘር፣ ከዚያ እንደ ትልቅ ንብ ረጅም ጥዝዝታ። እህል የሌለበት፣ ድንጋይም የሌለበት፣ ግን የሚፈጭ። የሚፈጨው ምንድን ነው? ቀና ሲል ባለሙያው ፊት ባለው መስኮት መሳይ ነገር ላይ ምስሎቹ አንድ በአንድ ይመጡ ጀመር። የልጁ ጭንቅላት ከውስጥ። ግራጫና ነጭ፣ እጥፋት በእጥፋት፣ ሰማይ ላይ ተኝቶ የሚሄድ ደመና የመሰለ። ይህ ሁሉ ነገር እዚያች ቆብ ሥር ነበር? አፉን ከፍቶ ቀረ። ሚጢ ደግሞ ተኝታለች። ጩኸቱ መሃል፣ ማግኔቱ ሆድ ውስጥ፣ እንደ ቤቷ ተኝታለች።

«አላልኩህም?» አለ ነጩ።

«እውነትም ጉድ ናት» አለ ባለሙያው።

ያን ጊዜ ማሽኑ ቆመ።

ጸጥታው መጣ። ነጩ ገና ምንም ሳይታይ አወቀው። ጥቅሉ ተነቃነቀ፣ ትንሽ ማጉረምረም ተሰማ፣ ቀጥሎ ለቅሶ።

«ምን ሆነ? ለምን አቆምከው?»

«አንዱ ዓይነት ምስል ሲያልቅ ሌላው እስኪጀምር ያርፋል። እያረፈ ነው የሚሠራው።»

«ሳያርፍ አይሆንም? ዝም ብለህ አታስጮኸውም?»

«ሞተር አይደለም፣ ወንድሜ።»

እናትየዋ አባበለቻት፣ እንደገና አጠባቻት፣ ጠቀለሏት። ማሽኑ ሲጀምር ሚጢ ተኛች። ማሽኑ ሲያርፍ ነቃች። ሌላ ሙከራ፣ ያው። ምስሎቹ አሁን ነፋስ የበተነው ጭስ ሆነዋል። ባለሙያው ወንበሩን አዙሮ ራሱን ነቀነቀ። «ድምፁ ሲጀምር የሚነቁ ልጆች ብዙ አይቻለሁ» አለ። «ሲቆም የምትነቃ ግን የዛሬዋ የመጀመሪያዬ ናት።»

ነጩ ስለ ጩኸቱ ለሰፈሩ፣ ለእትዬ፣ ለሐኪሟ ሁሉ ሲያወራ ከርሟል። ሴቶቹን ያሳቀበት፣ ሞተሩን እያጠፋ ያሳየው ሌላው ግማሽ፣ ዝምታ እንደሚያነቃት፣ ግን እግረ መንገዱንም ትዝ አላለውም። ልጁን ጩኸት አስተኝቶ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ዝምታን እንድትፈራ ያስተማራትም እሱ ነው።

ማደንዘዣ ሐኪሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅንድቡ የበዛ፣ ረጋ ያለ አዛውንት ነው። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ ከመሃላቸው ገብቶ ተቀመጠ፣ ሐኪም ሳይሆን ተራ የሚጠብቅ ሰው ይመስል።

«ዛሬ አይሆንም» አለ። «አሁን ጠግባለች፤ ሆዷ ውስጥ ወተት እያለ ካስተኛኋት ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ከነገ ወዲያ ጠዋት፣ ከምነግራችሁ ሰዓት በኋላ ሳትጠባ ታመጧታላችሁ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ ነጩ። ድምፁ ሳያስበው ዝቅ ብሎ ወጣ። «ትነቃለች?»

አዛውንቱ ወደ እሱ ዞረ። «አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽህም። እንደ እሷ ላለች ጤነኛ ሕፃን በጣም ትንሽ ነው፤ ግን አለ። እኔም የምቀመጠው ለእሱ ነው።»

«ትቀመጣለህ?»

«ማስተኛት የአፍታ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አጠገቧ ቁጭ ማለት ነው። ትንፋሿን አያለሁ፣ ልቧን እሰማለሁ። ሌላ ሥራ የለኝም። እስክትነቃ ሻይ ልጠጣ ብዬ እንኳ አልወጣም።»

«እናስብበታለን» አለ ነጩ፣ ተነስቶም ልጅቷን አቀፈ።

ቤት ገቡ። ሚስቱ ሦስተኛውን ቆብ ጭኗ ላይ አድርጋ ስፌቱን ትፈታ ጀመር፤ ልታሰፋው ነው።

«አንወስዳትም» አለ ነጩ በመጨረሻ። «ትንሽ ትደግ። ስታድግ አትንቀሳቀሺ ሲሏት ትሰማለች።»

«እስክታድግ ውስጡ ያለው ይጠብቃታል?»

«ምንም ላይሆን ይችላል ብላለች እኮ ዶክተሯ።»

«ምንም ላይሆን ይችላል ነው ያለችው። ምንም አይደለም አላለችም።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «እኔ የማልፈራ መሰለህ? ከአንተ እበልጣለሁ። ግን አንተ የፈራኸው ለጭንቅላቷ አይደለም። እንቅልፏን ሌላ ሰው እንዳይሰጣት ነው።»

እንዲህ ትለኛለች ብሎ አልጠበቀም። ይህን ለማንም አልተናገረም ነበር። ለካ ሳንቃ ግድግዳ የሚያስተላልፈው ድምፅ ብቻ አይደለም። ቆቡን ከጭኗ አንስቶ በሁለት ጣቱ ወጠረላትና «ስፊው» አላት። «እንሄዳለን።»

የዚያን ጠዋት ሚጢ በረሃብ አለቀሰች። እናትየዋ ልትታቀፋት አልቻለችም፤ ሚጢ የወተቱን ሽታ ስታገኝ ይብስባታል። ስለዚህ እናት ኮሪደሩ ጫፍ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆመች፣ አባት ልጅቷን ትከሻው ላይ አድርጎ ይመላለስ ጀመር። የሸሚዙን ኮሌታ ጠባች፤ አልሆነም። ጣቱን ጠባች፤ ተናዳ ተፋችው። በመጨረሻ ከጉሮሮው አንድ ድምፅ ማውጣት ጀመረ፣ ረጅም፣ ወፍራም፣ ሳይቆም። ትንፋሽ ሲያጥረው ድምፁ እንዳይቋረጥ በአፍንጫው ፈጠን ብሎ ይስባል። ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ቀና ብለው አዩት። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ደግፋ ቆመችና «ሰውዬው መኪና ሆነ እንዴ?» አለች። አልሰማትም። የሚጢ ለቅሶ ወደ መነጫነጭ፣ መነጫነጩ ወደ ትንፋሽ ሲወርድ፣ የትንፋሿ እርጥበት አንገቱ ሥር ይሰማው ነበር።

ማደንዘዣው የሚሰጠው ከማግኔቱ ክፍል ውጭ ባለ ትንሽ ክፍል ስለሆነ እዚያ መግባት ተፈቀደለት። ጭኑ ላይ አስቀመጣት። አዛውንቱ ሐኪም ግልጽ የሆነች ትንሽ ጭንብል በእጁ ይዟል።

«አስቀድሜ ልንገርህ» አለ። «ትታገላለች፣ ከዚያ ዓይኗ ወደ ላይ ይዞራል፣ ከዚያ ድንገት ትከብድሃለች። ሦስቱም የታወቁ ናቸው፣ አትደንግጥ።»

ጭንብሏ አፍና አፍንጫዋን ሸፈነች። ሚጢ ታገለች። የአባቷን ዓይን ፈልጋ አገኘችው፤ ምን እያደረግክ ነው የምትል መሰለው። ከዚያ ዓይኗ ከእሱ ላይ ተነስቶ እሱ ወደማያየው ነገር ዞረ። ከዚያ ከበደች። ብዙ ሺህ ጆንያ ተሸክሞ ያውቃል፤ እንደዚህ የከበደ ነገር ግን ይዞ አያውቅም። ጣቶቿ አንድ በአንድ ሳይሆን ሁሉም ባንዴ ተፈቱ።

«አሁን ስጠኝ» አለ ሐኪሙ።

«ትንሽ ልያዛት።»

«አንተ ከያዝካት እኔ ልይዛት አልችልም።»

ነጩ አዛውንቱን አየው። ሰውዬው አልቸኮለም፣ እጁን ግን አልሰበሰበም። ነጩ ተነስቶ ልጁን በእነዚያ እጆች ላይ አኖራት፤ እጆቹ ባዶ ሲሆኑ የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው።

ውጭ ከሚስቱ ጎን ተቀመጠ። ከበሩ ማዶ ማሽኑ ተነሳ፤ ምቱ፣ መንዘሩ፣ ጥዝዝታው። ሁለቱም አዳመጡ። ከዚያ ማሽኑ አረፈ። ነጩ ሳያውቀው ከወንበሩ ተነስቶ ነበር። ጆሮው ወደ በሩ ተዘረጋ፣ ትንሿን ማጉረምረም ጠበቀ። አልመጣችም። ጸጥታው ሰፋ፣ ወለሉን ሸፈነ፣ ጉልበቱ ድረስ ደረሰ። ከተወለደች ጀምሮ ድምፅ ቆሞ እሷ ዝም ያለችበት ጊዜ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«አላለቀሰችም» አለ።

«መድኃኒቱ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅክ ተቀመጥ።» እጁን ይዛ ሳበችው። ማሽኑ ተነሳ፣ አረፈ፣ ተነሳ። በእያንዳንዱ ዝምታ እጅ ለእጅ አጥብቀው ይያያዛሉ፤ ማሽኑ ሲነሳ ይላላሉ።

ሐኪሟ በኋላ በሌላ ቀጠሮ እንደነገረቻቸው፣ በሚጢ አንጎል ዙሪያ ከልክ ትንሽ የበለጠ ውኃ ነበር፤ በሜትር እየተለካ የሚከታተሉት፣ ብዙ ጊዜም ልጅ ሲያድግ በራሱ የሚስተካከል። ሚስቱ ያን ቀን ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ አልቅሳለች። ኮሪደሩ ላይ በተቀመጡበት ሰዓት ግን ነጩ ስለ ውኃም ስለ ጭንቅላትም አላሰበም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ ዓይኗ እንዲከፈት።

ወደ ማንቂያው ክፍል ሲያስገቧቸው ሚጢ በጎኗ ተኝታ ነበር፣ የእግሯ አውራ ጣት ላይ በተደረገው ነገር ውስጥ ቀይ መብራት ይበራል። መብራቱ ቆዳዋን አልፎ ጣቷን ሮዝ አድርጎታል። አዛውንቱ ራስጌዋ ቁጭ ብሏል፣ እንዳለው።

«ሁሉም ደህና ነው። ጥቂት ጠብቋት» አለ።

ነጩ አልጋው አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ትንሿ ደረቷ ከፍ ትላለች፣ ዝቅ ትላለች። ዓይኑን አልነቅልም አለ። ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም ነበር፤ ክፍሉ ሞቅ ያለ ነው፣ የልብ መለኪያው ድምፅ እኩል በእኩል ይመታል፣ ሳይቋረጥ። ከፍ፣ ዝቅ። ሽፋሽፍቷን አየ፤ ትንሽ ነጭ ነገር ያለባቸው መሰለው፣ ከእሱ ሸሚዝ የደረሰባት ዱቄት ይሆናል። ሊያራግፍላት አሰበ። እጁ ከበደው። ወለሉ ውኃ ሆነ፤ ከውኃው በታች ብዙ ሰዎች ጸጥ ብለው የሆነ ነገር እየጠበቁ ነበር፣ ማንም አልፈራም፣ ከመካከላቸው አንዲት ልጅ እጇን ለቀቅ አድርጋ ወደ ላይ ትወጣ ነበር…

«ነጩ።»

ትከሻው ተነቀነቀ።

«ነጩ፣ ኧረ ተነስ።»

ዓይኑን ሲገልጥ አገጩ ደረቱ ላይ፣ አፉ ክፍት ነው። ሚስቱ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ታጠባለች። አዛውንቱ ቆሞ ጓንቱን እያወለቀ ከሳቁ ጋር ይታገላል።

«መቼ ነቃች?»

«ቆየች» አለች ሚስቱ። «አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ጠባች። ይሄ ሁሉ ሲሆን አንተ ታንኮራፋለህ። የቸገረን አንተን መቀስቀስ ነው።»

«ሚጢ» አላት። ሚጢ ጡቱን ለቃ ወደ ድምፁ ዞረች። ከንፈሯ ላይ የወተት ጠብታ አለ። ዓይኖቿ ገና ጭጋግ አላቸው፤ ይህን ሰው የት ነበር የማውቀው የምትል ይመስል፣ ረጋ ብላ፣ ለረጅም ጊዜ አየችው።